እንደሚወድቅ ታስቦ የተሠራው አውሮፕላን

የግብርና አውሮፕላን ከመሬት ከተነሣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሰከንዶች ለምን ያስፈራሉ? አብራሪው ከተሰባበረ አውሮፕላን በእግሩ እንዲወጣ ያስቻለው ዕውቀትስ ቤተሰብዎ በሚሳፈርበት መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?

ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ በመኪና ተጉዘው ከሆነ አዳይቱን አልፈዋታል። አዋሽ ሰባትን፣ አዋሽ አርባንና ገዋኔን ከኋላ ትተው፣ ሚሌ ከመድረስዎ በፊት የሚያገኟት፣ በጅቡቲ መስመር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። መስኮት ሲከፍቱ የሚገባው አየር ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው። ልጆች ከኋላ ወንበር ሆነው "መቼ ነው የምንደርሰው?" ማለት የሚያበዙትም እዚህ አካባቢ ነው።

በዚሁ የአዋሽ ሸለቆ፣ በተለይ ማለዳ ላይ፣ ከማሳ በላይ ዝቅ ብሎ የሚበር አነስተኛ አውሮፕላን ካዩ ጉዞው ሁሉ ይነቃቃል። ስልክ ይወጣል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል፣ "ኧረ ሊወድቅ ነው!" የሚልም አይጠፋም። አውሮፕላኑ ግን ሥራውን እየሠራ ነው። ከሰብሉ በላይ በጥቂት ሜትር ከፍታ ይበርራል፤ የማሳው ጫፍ ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል፤ ዞሮ ይመለስና እንደገና ዝቅ ይላል። ለተመልካች አስፈሪው ይህ ነው። በእርግጥም አደጋ አለው፤ በየማሳው ዳር የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ በዓለም ዙሪያ የብዙ አብራሪዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ሆኖም ከመንገድ ሆነን የማናየው ሌላ አስጨናቂ ቅጽበት አለ። ታንኩን በኬሚካል የሞላው አውሮፕላን ከአቧራማው ማኮብኮቢያ ለቅቆ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ያለው ጊዜ ነው።

ለመሆኑ ለምን ይበርራል?

ነገሩ ከእርስዎ ማዕድ የራቀ አይደለም። አፋር ለበረሃ አንበጣ አመቺ መራቢያ ነች። ክረምት ላይ ዝናብ ጣል ሲያደርግ አሸዋው ይረጥባል፤ አንበጣዋም እንቁላሏን እርጥቡ አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በአፋር፣ በአማራና በሶማሌ ክልሎች የተፈለፈለው አንበጣ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ምን እንዳደረገ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል፤ በራያ ገበሬው ከነልጆቹ ማሳው ውስጥ ቆሞ ቆርቆሮ ሲደበድብና ሲጮኽ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል። በአንድ ቀን የሚበላው 35 ሺህ ሰው የሚመገበውን ያህል ነው። ወላጆቻችን የሚያስታውሱት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1958 አንበጣ ከኢትዮጵያ 167 ሺህ ቶን እህል እንዳወደመ ተመዝግቧል። ይህ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ለአንድ ዓመት የሚቀልብ እህል ነው።

ትልልቆቹም አውሮፕላኖች ቢሆኑ ከዚህ መንጋ አላመለጡም። በ2012 ዓ.ም. የገና ሰሞን ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበርር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲቃረብ መንጋ ውስጥ ገባ። የፊት መስታወቱ በአንበጣ ስለተሸፈነ ማረፉን ትቶ አዲስ አበባ ለማረፍ ተገድዷል።

እንዲህ ያለውን መንጋ በጀርባ በሚታዘል መርጫ መግታት አይታሰብም፤ አውሮፕላን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት አውሮፕላን ይዞ የሚንቀሳቀሰውም ለዚሁ ነው። ሥራው አንበጣ ብቻም አይደለም። ማሽላ ሲያሽት በደመና የሚመጣው ግሪሳ ወፍ አለ። በ1950ዎቹ በተንዳሆ ከተጀመረው ሰፊ እርሻ ወዲህ በሸለቆው የተለመደው ጥጥም አለ፤ ጓይ ትል ከገባበት ቀን አይሰጥም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ላንሣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለረጅም ዘመን የራሱ የግብርና በረራ አገልግሎት ነበረው። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ አግ ካት የተባለውን ባለ ድርብ ክንፍ የአሜሪካ የግብርና አውሮፕላን በፈቃድ አዲስ አበባ ውስጥ መገጣጠም ጀምሮም ነበር። የሰጠው ስም "እሸት" ነው። የእኔ የሥራ ዘርፍ ማርኬቲንግ ነው፤ ለምርት ስም ለማውጣት ስብሰባ ተቀምጠን ስንት ቀን እንደምንፈጅ ስለማውቅ ይህን ስም ባሰብኩ ቁጥር እቀናለሁ።

የመጀመሪያው ደቂቃ

አሁን ወደ ማኮብኮቢያው እንሂድ። የግብርና አውሮፕላን እንደ ቦሌ ያለ አስፋልት የለውም። የሚነሣው ከማሳው አጠገብ ከተደለደለ የአፈር ወይም የጠጠር መስመር ነው። አጠር ያለ ነው፤ ዳርና ዳሩ ቁጥቋጦ ነው፤ አንዳንዴም ፍየል ይገባበታል።

መጀመሪያ ሙቀቱን ያስቡ። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው አየርን ተደግፎ ነው፤ ፕሮፔለርም የሚገፋው አየርን ነው፤ ሞተርም የሚተነፍሰው አየርን ነው። አየሩ ሲሳሳ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይደክማሉ። ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ከ400 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ለአውሮፕላን የምትመች ቦታ ትመስላለች። ነገር ግን ሙቀቱ 42 ዲግሪ ሲደርስ በዚያ ያለው አየር የሚሳሳው በመደበኛ ሙቀት 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። አብራሪው ቆላ ቆሞ ወይና ደጋ ላይ እንዳለ ሰው ይበርራል ማለት ነው። መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ከተነሣም በኋላ ወደ ላይ የሚወጣው እያዘገመ ነው።

ቀጥሎ ጭነቱ። ዛሬ በብዙ አገሮች ለርጭትና ለእሳት ማጥፊያ የሚያገለግለውን ኤር ትራክተር 802 የተባለ አውሮፕላን እንውሰድ። ባዶውን ሲመዘን ሦስት ቶን አይሞላም። ታንኩ 3,000 ሊትር ያህል ይይዛል። ነዳጁና ጭነቱ ተጨምሮ እንዲነሣ የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት ግን ከሰባት ቶን ይበልጣል። ከራሱ ክብደት የሚበልጥ ይሸከማል ማለት ነው። ወደ እኛ ሰፈር ሲመጣ እንዲህ ነው፤ አንዲት ቪትዝ የራሷን ክብደት ያህል ትጫን ቢባል አሥራ አራት ጎልማሳ ሰው መያዝ ይኖርባታል። በዚያ ጭነት የእንጦጦን ዳገት እንድትወጣ ይጠይቋት።

ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው። ወደ ዱባይ የሚወስድዎ አብራሪ በአንድ የሥራ ቀን የሚነሣው አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። የግብርና አብራሪ ግን ታንኩ ባለቀ ቁጥር ያርፋል፣ ያስሞላል፣ እንደገና ይነሣል። አደገኛዋን ደቂቃ በአንድ ጠዋት ደጋግሞ ያልፋታል። ጠዋቱ ደግሞ አጭር ነው። አንበጣ ሌሊቱን ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ ሰፍሮ ያድራል፤ ፀሐይ አሙቃው እስክትነሣ ድረስ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል። መንጋውን መሬት ላይ እንዳለ ለመያዝ ጥሩው ጊዜ ይህ ነው። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር መንጋው ለመነሣት ይዘጋጃል፣ አየሩም ይሞቃል፣ አብራሪውም ይደክማል። ለዚህ ነው "አንዴ ብቻ ልድገም" የምትባለው የመጨረሻዋ ጭነት ከሁሉም በላይ የምታሠጋው።

ሞተሩ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ቢደክም ምን ይሆናል? ትልቅ አውሮፕላን ከፍ ብሎ ከሆነ ጊዜ አለው፤ ያስባል፣ ይመርጣል፣ ያነጋግራል። ይህኛው ግን ከዛፍ አናት ገና ከፍ ማለቱ ነው። የሰው ደመ ነፍስ የሚለው "ተመለስ" ነው፤ ማኮብኮቢያው ከኋላ ነዋ! ብዙ አብራሪ የሞተው ግን ይህን ሲሞክር ነው። በዝግታ የሚበርር ከባድ አውሮፕላን በድንገት ሲታጠፍ ክንፉ አየሩን መደገፍ ያቅተዋል፤ በአንድ ጎኑ ተገልብጦ በአፍንጫው ይወርዳል። ስለዚህ በሥልጠና የሚደጋገመው ትእዛዝ ከደመ ነፍስ ጋር ይጋጫል፤ አትዙር፣ አፍንጫውን ዝቅ አድርግ፣ ከፊትህ ያለውን የተሻለ መሬት ምረጥ፣ ክንፍህን አስተካክለህ ውረድ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንዲት እጀታ አለች። አብራሪው ሲስባት ከታንኩ ሥር ያለው በር ይከፈትና ጭነቱ በሙሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወደ መሬት ይወርዳል። አውሮፕላኑ በአንድ ጊዜ ስለሚቀል አፍንጫው ሽቅብ ይነሣል፤ ለዚያም ዝግጁ ካልሆነ ሌላ አደጋ ነው። ነገር ግን ይቺ እጀታ የብዙዎችን ሕይወት አትርፋለች።

እጀታዋን መሳብ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ታንኩ ውስጥ ያለው ኬሚካል ውድ ነው። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። መሬት ላይ ከፈሰሰ ሪፖርት ይጻፋል፣ ማብራሪያ ይጠየቃል፣ አካባቢው ይጸዳል። "ምናልባት ይነሣልኝ ይሆናል" ብሎ ሁለት ሰከንድ ያመነታ አብራሪ ሁለቱን ሰከንዶች መልሶ አያገኛቸውም። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ጭነቱን የደፋ አብራሪ ቢሮ ተጠርቶ "ለምን?" የሚባልበት ድርጅት አብራሪውን ሳያውቀው ወደ አደጋ እየገፋው ነው። ሲመለስ ሻይ ሊቀርብለት ይገባል እንጂ ደብዳቤ አይደለም።

ወድቆ የተረፈው ወጣት

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ልብ እዚህ ላይ ነው። በተባለው ጥንቃቄ ሁሉ አንዳንዱ ይወድቃል። እንደሚወድቅ ካወቅን ታዲያ ከወደቀ በኋላ ሰውየው እንዴት ይትረፍ?

ይህን ጥያቄ አጥብቆ የጠየቀው አሜሪካዊው ሂዩ ደ ሄቨን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ከእንግሊዝ ንጉሣዊ የበረራ ጓድ ጋር ሲሠለጥን አውሮፕላኑ ከሌላ አውሮፕላን ጋር አየር ላይ ተጋጨ። ሌሎቹ ሞቱ፤ እርሱ ተረፈ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የሆድ ዕቃውን ክፉኛ የጎዳው መሬቱ ሳይሆን ያሰረው ቀበቶ ሹል ማያያዣ እንደነበር አስተዋለ። በዙሪያው ያሉት "እግዜር ሲያተርፍህ ነው" ሲሉ እርሱ "ሌላም ምክንያት አለው" አለ። እርሱ የተቀመጠበት የአውሮፕላኑ ክፍል ሳይጨፈለቅ ቀርቶ ነበር።

ለዓመታት የሰማው አልነበረም። በዚያን ዘመን የአቪዬሽን ሰዎች ሐሳብ አውሮፕላን እንዳይወድቅ ማድረግ ነበር፤ ስለ መውደቁ ማውራት ለገበያም አይመችም። እ.ኤ.አ. በ1942 ግን ከፎቅ ወድቀው በሕይወት ስለተረፉ ሰዎች ያጠናውን አሳተመ። ከ15 ሜትርና ከዚያ በላይ ወድቀው፣ ለስላሳ አፈር ወይም የሚጎብጥ ነገር ላይ ያረፉ ሰዎች ነበሩ። ከዚያም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ የአደጋ ጉዳት ምርምር ጀመረ። ሐሳቡን ያስረዳው በዕቃ ማሸጊያ ምሳሌ ነው። ብርጭቆ በካርቶን ሲልኩ ካርቶኑ መፈንዳት የለበትም፤ ብርጭቆው ውስጡ መንከባለል የለበትም፤ በዙሪያው ግጭቱን የሚውጥ ነገር መኖር አለበት። ሰውም እንዲሁ ነው አለ። ከመርካቶ ወደ ክፍለ ሀገር ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ለስኒው ጭድ ይጎዘጉዛል። ለተሳፋሪው ጭድ የጎዘጎዘ ግን እስከዚያ ድረስ ብዙም አልነበረም።

በዚያው ዘመን የግብርና አብራሪዎች በገፍ ይሞቱ ነበር። ከአውሮፕላን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀረ ተባይ የተረጨው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1921 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ነው፤ በጦር ሠራዊት አውሮፕላን ዛፍ የሚያወድም ትል ላይ ዱቄት ተነሰነሰ። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሥራው የሚሠራው ከጦር ሠራዊት በተረፉ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖችና ለሽርሽር በተሠሩ ትንንሾች ነበር። በአንዳንዶቹ የኬሚካሉ ታንክ የሚገጠመው ከአብራሪው ጀርባ ነው። አውሮፕላኑ በአፍንጫው ሲወድቅ ከፊት ሞተሩ፣ ከኋላ ጭነቱ፣ መሃል ላይ ሰው።

ፍሬድ ዊክ የተባለ መሐንዲስ ይህን ገለበጠው። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ለግብርና ብቻ የታሰበ አውሮፕላን ነደፈ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1950 በረረ። ከደ ሄቨን ምርምር የተገኘውንም ትምህርት አካተተበት። ከፊት ሞተሩ፣ ከሞተሩ ኋላ ታንኩ፣ ከታንኩ ኋላ ከፍ ብሎ አብራሪው። አውሮፕላኑ ሲጋጭ መጀመሪያ አፍንጫው ይጨፈለቃል፣ ቀጥሎ የታንኩ ክፍል ይጨማደዳል፤ የግጭቱ ኃይል እዚያ ያልቃል። አብራሪው የተቀመጠበት በጠንካራ የብረት ቱቦ የተሠራ ጎጆ ግን ቅርጹን እንደያዘ እንዲቀር ነው የተሰላው። ጭንቅላቱን የሚመታ ሹል ነገር ከፊቱ እንዳይኖር ተደረገ። ቀበቶው ወገቡን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ትከሻዎቹንም ያዘ። ከዚህ ንድፍ የተማሩት ፓይፐር ፖኒና ሌሎችም በተከታታይ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው አግ ካት፣ በኋላ እኛ ዘንድ "እሸት" የተባለው፣ ታንኩ ከአብራሪው ፊት፣ መቀመጫው ከፍ ብሎ ከኋላ ነው።

አሁን አዋሽ ሸለቆ ላይ የሚያዩት አውሮፕላን አፍንጫው ለምን እንደዚያ እንደረዘመ፣ አብራሪውም ለምን ግመል ላይ የተቀመጠ እንደሚመስል ያውቃሉ። ውበት አይደለም። ከፊቱ ያለው ሁሉ በእርሱ ፋንታ እንዲሰበር የተቀመጠ ነው።

ከወደቀስ በኋላ?

መንገድ ላይ ሳሉ እንዲህ ያለ አደጋ ቢገጥምዎ የአገራችን ሰው ልማድ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ይሮጣል። ልብ ጥሩ ነው፤ ግን የግብርና አውሮፕላን ከሌላው ይለያል። የፈሰሰው ነዳጅ ብቻ አይደለም። ለአንበጣና ለግሪሳ ከሚረጩት ብዙዎቹ ነርቭን የሚያጠቁ መርዞች ናቸው፤ ማላታይን የመሰለው ለአንበጣ የሚረጨው በውኃ ሳይቀጠን ነው፤ ለአንድ ሄክታር አንድ ሊትር ገደማ የሚበቃው ለዚህ ነው። በቆዳም በትንፋሽም ይገባሉ።

ስለዚህ ልጆቹ መኪና ውስጥ ይቅሩ፤ መስኮት ይዘጋ። ነፋሱ ከእርስዎ ወደ አውሮፕላኑ በሚሄድበት በኩል ይቁሙ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ያርቁት። ወዲያው ለፖሊስና ለቅርብ ጤና ጣቢያ ይደውሉ፤ የርጭት አውሮፕላን መሆኑንም ይናገሩ፣ ምክንያቱም ሐኪሙ የሚያዘጋጀው መድኃኒት ይለያል። አብራሪው ወጥቶ ልብሱ በኬሚካል ርሶ ከሆነ በባዶ እጅ አይንኩት፤ ልብሱ ወልቆ በብዙ ውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት። ላብ ካጠመቀው፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ መርዙ ገብቶታልና ሐኪም ቤት መድረሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ከርእሱ ወጣ ይላል፣ ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። የኬሚካል ባዶ ጀሪካንና በርሜል ታጥቦ ለውኃ መያዣ ሲያገለግል በብዙ ቦታ ይታያል። ከመንገድ ዳር ርካሽ ጀሪካን ሲገዙ ከምን እንደመጣ ይጠይቁ። ፀረ ተባይ የነበረበት ዕቃ በምንም ሳሙና ቢታጠብ ውኃ መያዣ አይሆንም።

የኋላ ወንበር

ደ ሄቨን በአውሮፕላን አላቆመም። ኮርኔል ውስጥ የተጀመረው ምርምር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ወደ መኪና ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1959 ኒልስ ቦህሊን የተባለ ስዊድናዊ ለቮልቮ መኪና ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን ወገብና ደረት የሚይዝ ቀበቶ ሠራ። ቦህሊን ከዚያ በፊት የሚሠራው ለተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ማስፈንጠሪያ መቀመጫ ነበር። መኪናዎ ውስጥ ያለችው ቀበቶ ዘመዶቿ አየር ላይ ናቸው።

የመኪናዎ አፍንጫም እንዲሁ ነው። ግጭት ሲደርስ እንዲጨማደድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጎረቤት "የዛሬ መኪና ቆርቆሮ ነው፣ የድሮው ቢሆን..." ሲል ሰምተው ይሆናል። የድሮው መኪና ሳይጨማደድ ይቀራል፤ ግጭቱን የሚውጠው ያኔ ተሳፋሪው ነው። ጎጆው ሳይፈርስ ቢቀር እንኳ ብርጭቆው ውስጡ ከተንከባለለ ካርቶኑ ጥቅም የለውም። በከተማችን ደግሞ ሾፌሩ ትራፊክ ፖሊስን ፈርቶ ይታሰራል፤ ከኋላ ያሉት ልጆች በሁለቱ ወንበሮች መሃል ቆመው ሙዚቃ ይቀይራሉ። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ተጋጭቶ አፍንጫው ግማሽ ሜትር ተጨማድዶ ቆመ እንበል። በዚያች ቅጽበት 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 200 ኪሎ ያህል ሆኖ ወደ ፊት ይስባል። የጤፍ ኩንታል ሁለት ነው። በሁለት እጅ ይዞ የሚያስቀር እናትም አባትም የለም። በአዋሽ መስመር ደግሞ 50 የሚሄድ ሰው ስንት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው ቁጥር ቀበቶ የተሳፋሪን የመሞት ዕድል እስከ 50 በመቶ እንደሚቀንስ ይገልጻል። የልጆች መቀመጫ የጨቅላ ሕፃናትን ሞት 71 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ጨቅላ ሕፃን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጥ፤ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱም ገና ደካማ ስለሆነ በግጭት ጊዜ ጀርባው ሁሉ እንዲደገፍ ነው። መቀመጫው ከፊት ኤርባግ ባለበት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይገጠም። ከፍ ያለው ልጅ የመኪናው ቀበቶ አንገቱን የሚቆርጠው ከሆነ ገና አልደረሰም፤ ከፍ የሚያደርገው መቀመጫ ያስፈልገዋል። የታችኛው ቀበቶ ሆዱ ላይ ሳይሆን ዳሌው ላይ ያርፍ። ደ ሄቨንን ስድስት ወር ሆስፒታል ያስተኛው የሆድ ጉዳት እንደነበር ያስታውሱ።

አዲስ የልጅ መቀመጫ ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ነው። የግብርና አውሮፕላን አደጋ ከደረሰበት በኋላ ሲጠገን የአብራሪው ቀበቶ አንድ ጊዜ ሰው ይዞ ስለተለጠጠ መልሶ አይታመንም። ያገለገለ መቀመጫ ሲገዙም ጨርቁ ንጹሕ መሆኑን ከማየትዎ በፊት ሻጩን ይጠይቁት፤ "ይህ መቀመጫ አደጋ ላይ ነበረ ወይ?" ካመነታ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።